«ለፍቅር» የሚጫወቱ ሰዎች ዋንጫ

«እኔ የምሠራው ለገንዘብ ሳይሆን ለሙያው ፍቅር ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ «የቤት ኪራዩን ማን ይከፍልለታል?» የሚል ነው። ክፋት አይደለም፣ ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ስለሆንኩ ነው። በየጊዜው አንድ ሰው ይደውልና «ጥሩ ነገር ጻፍልን፤ ለጊዜው በጀት የለንም፤ ግን ስምህ ይወጣልሃል» ይለኛል። ስሜ ብዙ ጊዜ ወጥቷል። እስካሁን ግን ለአከራዬ አንድም ወር ከፍሎልኝ አያውቅም።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ እግር ኳስ ነው። ይህ የ«ፍቅር» ነገር እንደ እንግሊዝ እግር ኳስ ለረጅም ጊዜ፣ በሕግና በቅጣት ጭምር የተሞከረበት ቦታ አላውቅም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁላችሁም የምታውቁት የኤፍ ኤ ዋንጫ የተወለደው በጋዜጣ ቢሮ ውስጥ ነው። ጁላይ 20 ቀን 1871 ለንደን ውስጥ በ«ዘ ስፖርትስማን» ጋዜጣ ቢሮ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ሰዎች ተሰብስበው ሳለ ጸሐፊው ቻርለስ አልኮክ አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ በማኅበሩ ሥር ያሉ ክለቦች ሁሉ የሚወዳደሩበት የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ይኑር አለ። ሐሳቡን ያገኘው በተማረበት በሃሮው፣ ተማሪዎች በየማደሪያቸው ተከፋፍለው ከሚያደርጉት ውድድር ነው። ሃሮው የሀብታም ልጆች ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ዋንጫው ሲጀመር የኪስ ገንዘብ ችግር የሌለባቸው ሰዎች ጨዋታ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት የተመዘገቡት 15 ክለቦች ብቻ ነበሩ። የፍጻሜው ጨዋታ ማርች 16 ቀን 1872 ኦቫል በሚባለው የክሪኬት ሜዳ 2,000 ያህል ተመልካች በተገኘበት ተካሄደ። ዋንደረርስ የጦር መሐንዲሶቹን ቡድን ሮያል ኢንጂነርስን 1 ለ 0 አሸነፈ። የዋንደረርስ አምበል ማን ነበር? ራሱ አልኮክ። ጎሉን ያገባው ሞርተን ቤትስ ደግሞ የተሰለፈው በእውነተኛ ስሙ ሳይሆን «ኤ. ኤች. ቼከር» በሚል የውሸት ስም ነው። በቀጣዩ ዓመት የፍጻሜው ጨዋታ ጠዋት ተደረገ፤ ከሰዓት በኋላ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ የጀልባ ውድድር ስለነበር ማንም እንዳያመልጠው ተብሎ ነው። የዚያ ዘመን ሰዎች ዋንጫውን ይህን ያህል ዘና ብለው ነው የያዙት።

እኔን የያዘኝ ግን ከመጀመሪያው ፍጻሜ በፊት የሆነው ነገር ነው። ከስኮትላንድ፣ ከግላስጎው፣ ኩዊንስ ፓርክ የሚባል ክለብ ተመዝግቦ ነበር። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ያለ ጨዋታ እስከ ግማሽ ፍጻሜ አሳለፉት። ገንዘብ አዋጥተው ለንደን መጡና ከዋንደረርስ ጋር 0 ለ 0 ወጡ። ድጋሚ ጨዋታ ይደረግ ተባለ። ለዚያ የሚሆን የመንገድና የማደሪያ ገንዘብ አልነበራቸውምና ጥለው ወጡ። ዋንደረርስ በዚያ መንገድ ነው ለፍጻሜ የደረሰው። ማንም ኩዊንስ ፓርክን አልከለከለም፣ ማንም አላባረረም። ትኬት መቁረጫ ነው ያጡት።

ሰባት ዓመት ቆይቶ ደግሞ የዳርዌን ታሪክ መጣ። ዳርዌን በላንክሻየር ያለች የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ናት። በ1879 ቡድኗ ሩብ ፍጻሜ ደርሶ የኢተን ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ቡድን የሆነው ኦልድ ኢቶኒያንስ ደረሰው። ጨዋታው ለንደን ላይ ነው። የፋብሪካ ሠራተኞቹ 5 ለ 1 ሲመሩ ቆይተው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አራት ጎል አግብተው 5 እኩል አደረጉት። አሁን ጭማሪ ሰዓት እንጫወት አሉ። ኢቶኒያኖቹ እምቢ አሉ። እነሱ እዚያው ለንደን ናቸው፤ ሌላ ቀን ሲባል በሠረገላ መምጣት ነው። ዳርዌኖች ግን ከሰሜን እንደገና በባቡር ሊመጡ ነው፤ የሥራ ቀን ሊቀርባቸው ነው። የከተማው ሰው ገንዘብ አዋጣ፣ መጡ፣ 2 እኩል ወጡ። ለሦስተኛ ጊዜ መጡ፣ 6 ለ 2 ተሸነፉ። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ለንደን የተመላለሰ ሠራተኛ እግሩ ቢከብደው የሚገርም አይመስለኝም።

ከዚያ ቡድን ውስጥ ፈርገስ ሱተር የሚባል ስኮትላንዳዊ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ዳርዌን ከመጣ በኋላ ብዙም ሳይቆይ መጥረቡን ተወው፤ የእንግሊዝ ድንጋይ ይጠጥራል የሚል ምክንያት ሰጠ ይባላል። በምን እንደሚኖር የገባው ሁሉ ገብቶታል፤ ለጨዋታ የሚከፈለው የመጀመሪያው ሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም የሚሉት ለዚህ ነው።

ማኅበሩ በ1882 ደንብ አወጣ። ተጫዋች ላወጣው ወጪና በጨዋታው ምክንያት በትክክል ለቀረበት ደሞዝ ካልሆነ በቀር ምንም ቢከፈለው በውድድር አይሳተፍም አለ። ይህ ደንብ በሩን ዘጋ ይባላል። እኔ ግን ሳነበው ሌላም ነገር ይታየኛል። «የቀረበት ደሞዝ» የሚለው ሐረግ እዚያ ውስጥ መግባቱ፣ ቅዳሜ መጫወት ለአንዳንዱ ሰው ዋጋ እንደሚያስከፍል ደንቡን የጻፉት ሰዎችም ያውቁ እንደነበር ይናገራል።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1883፣ ብላክበርን ኦሊምፒክ ለፍጻሜ ደረሰ። ሸማኔዎች፣ ክር ፈታይ፣ የብረት ማቅለጫ ሠራተኞች፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ የጥርስ ሐኪም ረዳት። የብረት ማቅለጫ ባለቤት የሆነው ሲድኒ ያትስ ገንዘብ ሰጥቷቸው ከጨዋታው በፊት ብላክፑል የባሕር ዳርቻ ሄደው ልምምድ ሠሩ። በዚያ ዘመን ለአንድ ጨዋታ እንዲህ መዘጋጀት እንደ ነውር ይታይ ነበር። ኦልድ ኢቶኒያንስን በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸነፉ። የማሸነፊያዋን ጎል ያገባው ጂሚ ኮስትሊ የጥጥ ፈታይ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የቀድሞ ተማሪዎች ቡድን ያንን ዋንጫ አንስቶ አያውቅም።

ቁጣው ወዲያው መጣ። በ1884 የለንደኑ አፕተን ፓርክ ከፕሪስተን ኖርዝ ኤንድ ጋር እኩል ከወጣ በኋላ «ይከፍላሉ» ብሎ ከሰሰ። የፕሪስተኑ ኃላፊ ዊልያም ሰደል አልካደም። ፕሪስተን ተባረረ። የሰሜን ክለቦች የራሳችንን ማኅበር እናቋቁማለን ብለው አስፈራሩ፣ ክርክሩ ወራት ፈጀ፣ በመጨረሻም ጁላይ 20 ቀን 1885 ክፍያ ተፈቀደ። ዋንጫው ከታሰበበት ቀን ጀምሮ ልክ 14 ዓመት። አልኮክም ለተጫዋች መከፈል የለበትም ከሚሉት ወገን አልነበረም። እንጀራውን የሚበላው ስለ ስፖርት በመጻፍና የሰሪ ክሪኬት ክለብ ጸሐፊ በመሆን ነበርና አልፈርድበትም።

ታሪኩ እዚህ ያለቀ ይመስላል። ግን በ1893 ማኅበሩ «ለንጹሐን» የተለየ ዋንጫ አቋቋመ፤ የአማተር ዋንጫ። በ1894 የመጀመሪያውን የወሰዱት የቻርተርሃውስ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች፣ ኦልድ ካርቱዚያንስ ነበሩ። ልጆቹ ተደሰቱ። በሁለተኛው ዓመት ግን ሚድልስብሮ አሸነፋቸውና ዋንጫው ወደ ሰሜን ሄደ። በሦስተኛው ደግሞ ከደርሃም አውራጃ የመጣው ቢሾፕ ኦክላንድ ወሰደው፤ በታሪኩ አሥር ጊዜ በልቶታል። የትምህርት ቤቶቹ ሰዎች ከ1902 ጀምሮ የቀድሞ ተማሪዎች ብቻ የሚገቡበት ሌላ ዋንጫ አዘጋጁ። ስሙ የአርተር ደን ዋንጫ ነው። አርተር ደን በ1883ቱ ፍጻሜ ለኢቶኒያንስ ሲጫወት ተጎድቶ ከሜዳ የወጣው ሰው ነው። ሠራተኛው በገባበት ቁጥር አንድ በር ወደ ኋላ እያፈገፈጉ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልመለስ። በአማተር ዋንጫ ክፍያ ክልክል ነው። የደርሃም የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ግን ቅዳሜ ይጫወታል፣ ሕዝብ ትኬት ገዝቶ ይገባል፣ በሩ ላይ ገንዘብ ይሰበሰባል። በ1951 ቢሾፕ ኦክላንድና የኦክስፎርድና ካምብሪጅ ተማሪዎች ቡድን ፔጋሰስ ዌምብሌይ ላይ ለፍጻሜ ሲገናኙ 100,000 ሰው ነበር የገባው (ፔጋሰስ 2 ለ 1 አሸነፈ)። ያ ሁሉ ገንዘብ የት ይሄዳል? ከጨዋታ በኋላ ተጫዋቹ ልብሱን ሊቀይር ሲመለስ ጫማው ውስጥ የታጠፈ ብር ያገኛል። ማንም አልሰጠውም፣ ማንም አልፈረመም። እንግሊዞች ለዚህ «የጫማ ገንዘብ» የሚል ስም አላቸው። በየጊዜውም አንድ ሰው ይያዝና ይታገዳል፤ የሚያዘው ደግሞ እንደ ደርሃም ባሉ የሠራተኛ አካባቢዎች ያለው ነው።

እኛ ጋ ጫማው ፖስታ ነው። የጋዜጠኛ ደሞዝ ወር አያደርስም፤ ዎርክሾፕ ላይ ግን «የትራንስፖርት» ተብሎ ወረቀት ይዞራል። ይህን የምለው ፖስታ የሚቀበለውን ባልደረባዬን ለማሳፈር አይደለም። ጽሑፍን በነፃ የሚያሠራ ሰው፣ ጸሐፊው ከየት እንደሚበላ አልጠየቀም ማለት ነው። ያልጠየቀውን ነገር ደግሞ ሌላ ሰው ይጠይቀዋል፣ ይከፍለዋልም፣ የሚያስጽፈውንም ያውቃል። አንድ ነገር ግን ልናገር፦ ሳይከፈለው በደንብ የሚሠራ ሰው የለም አልልም። የኢቶኒያንስ አምበል ሎርድ ኪናርድ ዘጠኝ የፍጻሜ ጨዋታዎች ተጫውቷል፤ ኳስ አይወድም የሚለው ካለ ይምጣ። የባንክ ቤተሰብ ልጅ ነበር።

ከሙኒክ አውሮፕላን አደጋ በኋላ፣ በ1958፣ ሰው ያጠረው ማንቸስተር ዩናይትድ ከቢሾፕ ኦክላንድ ሦስት አማተሮችን ወሰደ። ከእነሱ አንዱ ዋረን ብራድሌይ መምህር ነበር፤ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድንም ሦስት ጊዜ ተሰልፏል። አማተር ማለት ደካማ ማለት እንዳልሆነ ያኔም ይታወቅ ነበር።

የመጨረሻው የአማተር ዋንጫ ፍጻሜ ኤፕሪል 1974 ዌምብሌይ ላይ ተደረገ፤ ቢሾፕስ ስቶርትፎርድ ኢልፎርድን 4 ለ 1 አሸነፈ። ማኅበሩ በዚያው ዓመት «አማተር» እና «ፕሮፌሽናል» የሚለውን ልዩነት ከመዝገቡ ሰረዘው። ከዚያ በኋላ ሁሉም «ተጫዋች» ተባሉ፤ ክለቦቹም ለማን ስንት እንደከፈሉ ሳይደብቁ መጻፍ ቻሉ።