ከበሮ ሙያ አይደለምን?

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፥ ሲይዙት ያደናግር» ይላል ያገራችን ሰው። ውድ አንባቢ ሆይ! ይህን ተረት ሁላችንም እንጠቅሰዋለን፤ ወደ ውስጡ ገብተን የምንመረምረው ግን ጥቂቶች ነን። ተረቱ የሚነግረን ከበሮ መምታት ቀላል መስሎ የሚታይ ከባድ ሙያ መሆኑን ነው። እኛ ግን ተረቱን እያሞገስን ከበሮ መቺውን ባለሙያ ብለን ለመጥራት እናፍራለን።

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ የሰቆጣ ሰው ነኝ። የወንድሜ ልጅ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ «ሙዚቃ እማራለሁ» ብላ በመነሣቷ ቤተ ዘመዱ ለሁለት ተከፈለ። አባቷም ወደ እኔ መጥቶ፥ «ጋሼ፥ እስቲ እርስዎ ይምከሩልኝ። በውጤቷ ምህንድስና መግባት ስትችል ከበሮ እየመታች ልትኖር ነው?» አለኝ። አልፈረድሁበትም። የ1977 ዓ.ም.ን ረኃብ ያየ የዋግ ሰው ልጁ እንጀራ የሚያበላትን ሙያ እንድትይዝ ቢመኝ ማን ይነቅፈዋል?

ምክር ከመስጠቴ በፊት ግን የአቶ ሙላቱ አስታጥቄን ታሪክ አጫወትሁት። አቶ ሙላቱ በ1936 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። ወደ ዌልስ አገር የተላኩት እንዲያው እንደ ወንድሜ ምኞት ምህንድስና፥ ይኸውም የአይሮፕላን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ልባቸው ግን ወደ ሙዚቃ አዘነበለ። በሎንዶን ትሪኒቲ ኮሌጅ፥ ከዚያም በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በሚገኘው በርክሊ ኮሌጅ ተማሩ፤ በበርክሊም የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ እርሳቸው ናቸው። የያዙት መሣሪያ ቫይብራፎን ይባላል። የብረት ዘንጎች እንደ ፒያኖ ጣቶች ተደርድረው ጫፉ በክር በተጠቀለለ ዱላ የሚመታ ነው። ከዚህም ሌላ ኮንጋ የተባለውን የኩባ ከበሮ ይመታሉ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ዝና የመጣው በመምታት ሙያ መሆኑን ልብ ይሏል።

የሠሩት ሥራ ምንድር ነው? ያገራችን ዘፈን በትዝታ፥ በባቲ፥ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝት ይሄዳል፤ እያንዳንዱም ቅኝት በአምስት ድምፆች ይቆማል። ጃዝ ግን ዐሥራ ሁለቱንም ድምፆች ይፈልጋል። አምስቱን በዐሥራ ሁለቱ መካከል ያለ ጥንቃቄ የጣለ ሰው፥ ቅመም አብዝቶ የወጡን ጣዕም እንዳጠፋ ወጥ ሠሪ ይሆናል። አቶ ሙላቱ ዜማውን በአምስቱ ድምፆች አጽንተው፥ ጃዙን ከሥሩ እንደ ምንጣፍ አነጠፉለት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 ኒውዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን ሁለት ሸክላዎች፥ በ1972 ደግሞ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ»ን አወጡ። በ1973 ታላቁ ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ አብረውት ሠርተዋል። በ2005 ሙዚቃቸው «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገብቶ እንደገና በዓለም ተሰማ።

ያወቁትንም ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩትም። በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በራድክሊፍ ተቋም ተቀምጠው ያገራችንን የሙዚቃ መሣሪያዎች ስለ ማዘመን ደክመዋል፤ አዲስ አበባም የአፍሪካ ጃዝ መንደርን አቋቁመዋል። በ2012 በርክሊ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው።

ወንድሜ ይህን ሰምቶ፥ «እርሳቸው በቦስተን ተማሩ። የእኔ ልጅ ከዚህ ከዋግ ምን ይዛ ትሄዳለች?» አለኝ። አንባቢ ሆይ፥ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ ባዶ እጃችንን አይደለንም። በቤተ ክርስቲያናችን ከበሮ ሁለት አፍ አለው፤ ሰፊው የመለኮቱ፥ ጠባቡ የትስብእቱ ምሳሌ ነው ይባላል። ሊቃውንቱ መረግዱን በእርጋታ፥ ጽፋቱን በፍጥነት ይመቱታል። ነሐሴ 16 ቀን ሻደይ ሲገባ ደግሞ የሰቆጣ ልጃገረዶች ለምለሙን ሻደይ ወገባቸው ላይ አሥረው፥ በአማርኛና በኽምጣና እየዘፈኑ ከበሮውን ራሳቸው ይመታሉ።

የወንድሜን ልጅ በዚያ በዓል ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ። ዐይኗ ከበሮው ላይ አይደለም፤ ከጨፋሪዎቹ እግር ላይ ነው። የደከመች እንዳለች ምቱን ታረጋጋለች፤ ልባቸው ሲሞላ ታፋጥናለች። ዛሬ በየሰርጉ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ኪቦርድ ምቱን አስቀድሞ ተሞልቶ ይመጣል፤ ሲጀምርም ሲጨርስም አንድ ነው፤ የማንንም እግር አያይም። ልጆቻችን ይህንኑ ብቻ እየሰሙ ካደጉ፥ እግር አይቶ የሚመታ እጅ ከየት እናገኛለን?

ስለዚህ ለወንድሜ እንዲህ አልሁት፦ «አዲስ አበባ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሄዳ ትፈተን። ኖታውንም ጃዙንም ትማር። ነገር ግን የሻደይን ምት ሳትረሳ ትማር፤ ከተማረችም በኋላ ለታናናሾቿ ታስተምር።» እርሱም፥ «እንጀራ እንደምታገኝበት ይዋሱኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ዋስ ልሆን አልችልም አልሁት። ለመሐንዲሱስ ቢሆን ማን ዋስ ሆኖለት ያውቃል? ወንድሜ አልተቀየመኝም፤ ደስም አላለውም። እስከ መስከረም አስበዋለሁ ብሎ ሄደ።

ውድ አንባቢ ሆይ! በቤትህ ጠረጴዛውን፥ ቆርቆሮውን፥ ያገኘውን ሁሉ የሚመታ ልጅ ቢኖር፥ «ዝም በል» ከማለትህ በፊት ጥቂት አድምጠው። የሚረብሽህ ከሆነ ተቆጣው፤ ምቱ ልክ ከሆነ ግን መምህር ፈልግለት። የሌላው ዓለም ሙዚቃ ወደ እኛ መምጣቱ አይቀርም፤ ሲመጣ የሚቀላቀለው ነገር በእጃችን እንዲያገኝ ማድረግ ግን የእኛ ፈንታ ነው።