ሁለት ዓመት የዘገየው የላንጋኖ ጉዞ

ሻንጣው የተዘጋጀው ሐሙስ ማታ ነበር። አንሶላ፣ ፎጣ፣ ባትሪ፣ ብስኩት፣ ከእኔ ሳጥን የወጣ የሱፍ ሹራብ። የልጅ ልጄ ስድስተኛ ክፍል ነበረች። በትምህርት ቤታቸው ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ሁሉ ላንጋኖ ዳር ሁለት ሌሊት በድንኳን ያድራል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ትልልቆቹ ሲያወሩ እየሰማች የጠበቀችው ነገር ነው።

በማግስቱ፣ አርብ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ማታ ከትምህርት ቤቱ አጭር መልእክት መጣ፦ ጉዞው ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል። ሰኞ ትምህርት ቤቶች በሙሉ እንዲዘጉ ተወሰነ። ለሁለት ሳምንት ነበር የተባለው።

የሆነውን ታስታውሳላችሁ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ መጨባበጥም እንዲሁ። ልጆቹ በቴሌግራም የሚላክ ወርክሺት ሲሞሉ ከርመው ያለ ፈተና ወደ ሰባተኛ ክፍል ተዛወሩ። በ2013 ትምህርት ሲከፈትም በፈረቃና በማስክ ስለነበር ጉዞ የሚባል ነገር አልተነሳም። በኋላ ጉዞው ሲመለስ ተራው የሌሎች ስድስተኛ ክፍሎች ሆነ።

እውነቱን ለመናገር ያኔ ተናድጄ ነበር። ከሜዳ የበለጠ ንጹህ አየር የት አለ ብዬ ከልጄ ጋር ተከራክሬያለሁ። አፌን ያስያዘኝ አትላንታ ያለችው እህቴ በስልክ የነገረችኝ ነው። በዚያው ሰኔ እዚያው ጆርጂያ ውስጥ አንድ የልጆች ካምፕ ተከፍቶ ነበር። የገባው ሁሉ ከ12 ቀን ያልበለጠ የነጻ ምርመራ ውጤት ይዞ ነው። ሠራተኞቹ ማስክ ያደርጋሉ፣ ልጆቹ ግን አይገደዱም። በቀናት ውስጥ ተዘጋ። ውጤታቸው ከታወቀው 344 ሰዎች 260ው ተይዘው ተገኙ። አንድ ቤት ውስጥ ተደራርበው ይተኛሉ፣ ቀኑን ሙሉ ይዘፍናሉ፣ ይጮኻሉ። ለካ ነገሩ ሜዳው አይደለም፣ ማደሪያው ነው።

በሚያዝያ 2014፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ እኔው ልውሰዳት አልኩ። ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ ቁመቷ በልጦኛል። በሞጆ ታጥፈን ቆቃን አለፍን፣ መቂ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት ገዛን (ወደ ቤት ስንመለስ መግዛት ነበረብን፤ ቲማቲሙ መኪና ውስጥ ፈረጠ)። ብዙዎቻችን አሁንም ዝዋይ የምንላት ባቱ ላይ አሳ ጥብስ በላን። ከቡልቡላ በኋላ ግራሩ እየበዛ መጣ፤ በስተግራ ውሃው ታየ።

ላንጋኖን ለማያውቅ፣ ውሃው ቡኒ ነው፤ ወተት የነካው ሻይ ይመስላል። ቀለሙን አይቶ የሚሸሽ አለ፤ ግን በቢልሃርዚያ የማይጠረጠር ሐይቅ ስለሆነ የአዲስ አበባ ልጅ ዋና የሚለማመደው እዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ የባሕር ይመስላል። የዚያን ቀንም ተነሳ፤ ድንኳናችንን ሁለት ጊዜ ጥሎብን የጥበቃ ሠራተኛው መጥቶ ተከለልን።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን፣ «ያን ቀን መልእክቱ ሲመጣ በጣም አለቀስሽ?» አልኳት።

«አላለቀስኩም። መልእክቱ ሳይመጣ ሻንጣውን ፈትቼዋለሁ።»

«ለምን?»

«ቴሌቪዥን ላይ በሽታው ሽማግሌ ላይ ይከፋል ሲሉ ሰማኋ። አንቺ ስኳር አለብሽ። እዚያ ሄጄ ይዤልሽ ብመጣስ ብዬ።»

አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። በዚያ ዓመት ስለ ሕጎቹ ስንጨቃጨቅ እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኋትም፤ ሹራቤን ወደ ሳጥኔ ተመልሶ ሳገኘው እናቷ ናት ያስቀመጠችው ብዬ አለፍኩ። የምመልስላት ቃል ስላጣሁ እንጨት ጨመርኩ።

ጠዋት ቀሰቀሰችኝ። ፀሐይ ከአርሲ ተራሮች ጀርባ ብቅ እያለች ነበር፤ ነፋሱም ተኝቷል። ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ በስልኳ ቪዲዮ ቀረጸችና አብረዋት ሊመጡ ለነበሩት ሦስት ጓደኞቿ ላከች። አንዷ በዚያ በመዘጋቱ ወቅት ከወላጆቿ ጋር ካናዳ ሄዳ የቀረች ናት፤ ሳይሰነባበቱ። እዚያ ሌሊት ነው፣ ቢሆንም መልሱ ወዲያው መጣ።

«ውሃው ለምንድነው ቡኒ የሆነው?»