ቮልሷና የፍሬን ቱቦዋ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። ሲወጡት ሞተር ይፈተናል፣ ሲወርዱት ፍሬን ይፈተናል። እኛ ከዚያ ዳገት ሥር ስለምንኖር መኪና ሲያቃስት መስማት ለጆሯችን አዲስ አይደለም።

በግቢያችን፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ጡብ ላይ የተሰቀለች ቮልስ ነበረችን። በፈረንጆቹ 1965 የተሠራች ናት። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ያመላለሰው በእሷ ነው። እሱ ካረፈ በኋላ “ትሸጥ” ያሉ ነበሩ። ታላቁ ልጄ ግን እምቢ አለ። ጥላውን ጋራዥ አደረገና ቅዳሜና እሑድን እዚያ መዋል ጀመረ።

የቮልስ ነገር ለየት ይላል። ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ ማስቀመጫዋ ከፊት ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ስለሚቀመጥ፣ የሚንጠባጠበው አሲድ ወለሉን ይበላዋል። የእኛዋም ወንበሩ ሲነሣ መሬቱ ይታይ ነበር። ልጄ ላሜራ ቆርጦ፣ በመዶሻ ቅርጽ አውጥቶ በየደው። ከበሩ ሥር ያለውን መርገጫም እንዲሁ ሠራ። የማርሹን እጀታ ከወይራ እንጨት ጠርቦ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ጣራዋ ላይም የዕቃ መጫኛ ሠርቶ ገጠመላት። የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ ይህን እያየች “እማማ፣ እንጦጦ የምንሄደው በእሷ ነው!” ትል ነበር።

አንድ እሑድ ቡና ይዤለት ስገባ፣ ከፊት ጎማው ጀርባ አዲስ ጥቁር ቱቦ አየሁ።

“ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?”

“እማዬ፣ የፍሬን ቱቦ አጣሁ። የቤንዚን ቱቦ ቆርጬ በብረት ማሰሪያ አጠበቅሁት። ለጊዜው ነው።”

እኔ ስለ መኪና ብዙም አላውቅም። ሥራዬ ነርስነት ነበር። ገጠር ጤና ጣቢያ በነበርኩበት ጊዜ፣ የጎደለንን በእጃችን እየሠራን ነበር የምንውለው። የተሰበረ እጅ በካርቶንና በቀርከሃ ደግፈናል። የግሉኮስ ማንጠልጠያ ከባሕር ዛፍ ሠርተናል። ወደ ደም ሥር የሚገባውን ቱቦ ግን አንድም ቀን ቀጣጥለን አናውቅም።

“ልጄ፣ መርገጫው እንደ ካርቶኑ ነው፣ ብትሠራው ግድ የለኝም። ይሄ ግን የደም ሥር ነው” አልኩት።

ተቀየመኝ። ሁለት ቀን በቅጡ አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን ራሱ መጥቶ አስረዳኝ። በእሷ ዘመን ቮልስ የፍሬን ዘይቱ የሚሄደው በአንድ መስመር ብቻ ነው፤ አንዱ ቱቦ ቢፈነዳ ፔዳሉ የአራቱንም ጎማ ፍሬን ያጣል። “መርካቶ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?” አለኝ።

መጀመሪያ ያለፍነው በምናለሽ ተራ ነው። ከማየታችሁ በፊት የመዶሻው ድምፅ ይቀበላችኋል። አሮጌ በርሜል ተቆርጦ ምድጃ ይሆናል፣ የተጣለ ቆርቆሮ መልሶ ዕቃ ይሆናል። ልጄ ዐይኑ እያበራ “አየሽ፣ እዚህ የማይሠራ ነገር የለም” አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም የነዚያን ሰዎች እጅ አድንቄያለሁ። ቢሆንም የመጣነው ለሌላ ጉዳይ ነበርና ወደ ሶማሌ ተራ አለፍን።

እዚያ በር፣ መስታወትና መሪ በየሱቁ ተሰቅሏል። አንድ ወጣት ያገለገለ የፍሬን ቱቦ አቀረበልን። “ማዘር፣ ይሄ ገና ነው” አለኝ። ተቀብዬ አጠፍኩት። ቀጥ ብሎ ሲታይ ደህና የመሰለው ጎማ ሲታጠፍ ስንጥቁ ወጣ። አመስግኜ መለስኩለት። ከብዙ ሱቅ በኋላ አዲሱን አገኘን። ሁሉንም ቱቦ ከነፍሬን ዘይቱ ገዛን። ለበዓል በግ ያስቀመጥኩት ገንዘብ እዚያው ቀረ፤ በዓሉንም በዶሮ አሳለፍነው።

መካኒክ ካያት በኋላ እንጦጦ የወጣነው እኔና ልጄ ብቻ ነን። ሲወርድ በሁለተኛ ማርሽ ያዛት። አንድ መታጠፊያ ላይ እንጨት የተሸከሙ እናቶች መንገዱን ሲያቋርጡ ደረስን። ፍሬኑን ረገጠ። ቮልሷ ቆመች። እናቶቹ ሸክማቸው ከብዷቸው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩን አለፉ። ልጄ ግን እጁን ከመሪው ሳያነሣ ዝም ብሎ ቆየ። እኔም ምንም አላልኩትም።

የልጅ ልጄ እስካሁን አልተሳፈረችም። ቮልሷ የደህንነት ቀበቶ የላትም፤ እሱንም ቤት ውስጥ ሰፍተን አንገጥምላትም። “መቼ ነው?” ብላ በየቀኑ ትጠይቃለች። “ቀበቶው ሲገጠም” እላታለሁ።

እናንተም አሮጌ መኪና የሚያድስ ልጅ ካላችሁ፣ እጁን አድንቁለት፤ ይገባዋል። ቀለሙን ከማየታችሁ በፊት ግን ጎንበስ ብላችሁ “ይሄ ቱቦ ከየት መጣ?” በሉት። ቢቀየማችሁም በሦስተኛው ቀን ይመለሳል።