ክረምት ሳይገባ በአንበሳሜ ጓሮ

ከባሕር ዳር የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ፣ ሐሙሲት ላይ ከጎንደሩ መንገድ ወደ ቀኝ ታጥፌ አንበሳሜ ስደርስ ግንቦት ሊያልቅ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ቡና እንኳ ሳልቀምስ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። በቆፈራት ኩሬ ቆሮሶ ያረባል። አምና ሐምሌ ላይ ጎርፍ ዳሩን ደርምሶ ዓሣዎቹን ጎረቤት ማሳ ላይ በትኖበታል። «የሰፈሩ ልጆች ጠብሰው በሏቸው» ይላል፤ ዛሬ እየሳቀ ነው።

ዘንድሮ ቀድሟል። ከኩሬዋ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሯል፤ የውሃ መውጫው ላይ ወንፊት አስሯል። ደመና ሲበዛ መኖ እንደሚቀንስም ነገረኝ። ፀሐይ ሲጠፋ ውሃው ውስጥ ኦክስጅን ያንሳል፤ ዓሣዎቹ ንጋት ላይ አፋቸውን እየከፈቱ ወደ ላይ ይወጣሉ።

የእኔ የነርስ ዓይን ግን ዳር ዳሩን ነበር የሚያየው። ሣሩ ውሃው ላይ ተኝቷል። ትንንሾቹ ቆሮሶዎች የትንኝ እጭ ይበላሉ፤ ሣሩ መሐል ያለው ግን ያመልጣቸዋል። ወባ ደግሞ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው።

«ይህን ዛሬውኑ እጨደው። አጥሩስ?»

«እታለም፣ ከሰኔ በኋላ አጥራለሁ።»

የልጅ ልጁ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ይህን ስንነጋገር ኩሬው አፋፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ዓሣ ይቆጥራል። በሥራ ዘመኔ ጉልበት የማይሞላ ውሃ የወሰደው ሕፃን በእናቱ ክንድ ሲመጣ አይቻለሁ። ጭቃው ሲያንሸራትት ምን ሊሆን ነው? ቡናውን ትተን እንጨት ተከልን፤ ማገሩን እኔ አቀበልኩ። የበሩን መወርወሪያ ከላይ አደረግነው።

ማምሻውን ልጁ በሩን ገፋ፣ ተንጠራራ፣ አልደረሰበትም። አኩርፎ ወደ ቤት ገባ።