«ጥሩ ቤት ነው ወይ?» ለምትሉኝ ሁሉ

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ተቀራራቢ ናቸው። «ወንድማችንን የምናስገባበት ቤት አግኝተናል፣ ጥሩ ቤት ነው ወይ?» «እናቴ ደክማለች፣ እህቴን ከእንግዲህ መጠበቅ አትችልም፣ እዚህ ቦታ ብናስቀምጣት ምን ይላሉ?» ድሮ ይህ ጥያቄ አልነበረም፣ ምርጫ ስላልነበረ። ለአሥርት ዓመታት የነበረን የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል ብቻ ነበር፤ ከዚያ የወጣ ሰው ወይ ቤቱ ይቀመጣል፣ ወይ ጸበል ይሄዳል፣ ወይ ጎዳና ይወጣል። አሁን ግን የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን አዋቂዎች በወር ክፍያ የሚያኖሩ ቤቶች አሉ። ቤተሰብ ደግሞ የሚያየው በሩን፣ ሶፋውንና የባለቤቱን ፈገግታ ነው።

ባለፈው ጊዜ አንዲት እህት ሄጄ እንዳይላት ለመነችኝ። ያለችው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ወንድሟ ከስኪዞፍሬኒያ ጋር ሃያ ዓመት ያህል ኖሯል። እናታቸው ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ማታ ማታ ልጃቸው ሲወጣ ተከትለው መሄድ አቃታቸው። «ቪዲዮ ልከውልኛል፣ በጣም ንጹሕ ነው» አለችኝ። ቪዲዮውን እኔም አየሁት። የወለል ንጣፉ ያምራል። በሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ አንድም ነዋሪ የለም።

አስተምር በነበርኩ ጊዜ የነገርኳችሁ መመዘኛ አለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኳሊቲ ራይትስ። መሠረቱ ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ነው። አምስት ነገር ይጠይቃል፤ አኗኗሩ ለሰው የሚገባ ነው ወይ፣ ሕክምናው የአካሉንም ጤና ይጨምራል ወይ፣ ሰውየው ስለራሱ ይወስናል ወይ፣ ከድብደባና ከመታሰር ይጠበቃል ወይ፣ ከኅብረተሰቡ ጋር ይኖራል ወይ። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ግን ወረቀት ይዞ ለሚመጣ ሰው ቤቱም ወረቀት አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ሄድኩ፤ አንዴ ሐሙስ ጠዋት በቀጠሮ፣ አንዴ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሳልናገር። ሁለተኛውን ቀን ባለቤቷ እንደማታውቅ እንጂ እንደምመጣ ግን ቀድሜ ነግሬያት ነበር፣ ተስማምታለች።

ሐሙስ ስደርስ በር የከፈተልኝ ነርስ «ቲቸር!» ብሎ አቀፈኝ። የድሮ ተማሪዬ ነው፣ ከጎበዞቹ አንዱ። ነዋሪዎቹ 26 ናቸው፤ ነርሱ እሱ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የማየው ራስ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት የተላጩ ከሆነ ማንም ሰው «ጸጉርህን እንዴት ላድርግልህ?» ተብሎ አልተጠየቀም ማለት ነው። ቀጥሎ እግር። ጫማው የራሱ ነው ወይስ በር ላይ ከተከመረው ነጠላ ጫማ ያገኘውን ነው የሚያጠልቀው? እዚህ ቤት ራሳቸው የተለያየ ነበር፣ ደስ አለኝ። ልብሱ ግን የጋራ ነው፤ ታጥቦ አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ጠዋት የደረሰህን ትለብሳለህ። አንድ ሰውዬ እጅጌው ክርኑ ላይ የቀረ ሹራብ ለብሰው አየሁ። ጡረታ የወጡ ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው።

አጠያየቅን በተመለከተ፣ ተማሪዎቼ ይህንን አትረሱትም ብዬ አምናለሁ። የእኛን አገር ሰው «ደህና ይዘውሃል?» ብለህ ብትጠይቀው መልሱ አንድ ነው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»። አጠገቡ ረዳቷ ቆማ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያመሰግናል። ይሄ ጨዋነት እንጂ መረጃ አይደለም። ስለዚህ የምጠይቀው ትንንሽ ነገር ነው። ትናንት ከምሳ በኋላ ምን ሠራህ? ሻይ ሲያምርህ ማንን ትጠይቃለህ? መታወቂያህ የት ነው? ማታ ሽንትህ ቢመጣ ምን ታደርጋለህ?

የመጨረሻውን ጥያቄ አንድ ወጣት ሳያስብ መለሰልኝ፤ «ባልዲ አለ፣ በሩ ይቆለፋል።»

የመኝታ ክፍሎቹ በር በውጭ በኩል ቁልፍ አለው። መስኮቱ ሁሉ በፍርግርግ ብረት የታጠረ ነው። ማታ የሚያድሩት አንድ ረዳትና አንድ ዘበኛ ሲሆኑ ቁልፉ ያለው ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነው፣ ዘበኛው ደግሞ የግቢው በር አጠገብ ካለችው ክፍሉ ነው የሚተኛው። ኤሌክትሪክ ቢነሳስ? ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ቤቱ ክፉ አይደለም። ግን 26 ሰው በአንድ ሰው እንቅልፍ ላይ ተማምኖ ነው የሚያድረው።

እራት 10 ሰዓት ላይ ይቀርባል። ለምን? የቀን ሠራተኞቹ 11 ሰዓት ስለሚወጡ። ቁርስ 2 ሰዓት ነው። በመሃል 16 ሰዓት ባዶ ሆድ፣ ያውም ከመድኃኒት ጋር። የመጠጥ ውሃው ኩሽና ውስጥ ነው፣ ኩሽናው ከእራት በኋላ ይዘጋል። ይህ ደግሞ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ክሎርፕሮማዚን አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ውሃ ካነሰው መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊመርዘው ይችላል። እዚያ ቤት ሊቲየም የሚወስዱ ሦስት ሰዎች አሉ። ሚዛንም አለ፣ ላስቲኩ ገና አልተላጠም። በቡታጅራ አካባቢ ለ10 ዓመት የተካሄደው ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ወደ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቶናል፤ ግማሽ ያህሎቹን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። ክብደት መቀነሱን የሚያይለት የሌለው ሰው ሳንባ ነቀርሳውንም የሚያይለት የለም።

አሁን የከበደኝ ነገር። የመድኃኒት ካርዶቹን ጠየቅኩ። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ካርዱ ግን እስከ እሁድ ማታ ድረስ ተፈርሟል፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ። ተማሪዬን ቀና ብዬ አየሁት። አልዋሸኝም። «ቲቸር፣ ቅዳሜና እሁድ የለሁም። ረዳቶቹ እንዲፈርሙ አይፈቀድም። ካርዱ ባዶ ከሆነ ደግሞ እኔ ነኝ የምጠየቀው። ብቻዬን ነኝ እኮ።»

እሁድ ስመለስ መድኃኒቱን የምትሰጠው ረዳት ማንበብ የምትችለው በመጠኑ ነው። ክኒኖቹን በቀለማቸው ነው የምታውቃቸው። አንድ ሰውዬ «ነጩን ትናንት አልወሰድኩም» አላት። ካርዱ ላይ ወስዷል።

ይኸው እሁድ ግን ሌላም ነገር አየሁ። ወጥ ሠሪዋ ዕረፍቷ ቢሆንም ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጥታ ቡና ታፈላ ነበር። ቡናውን የሚወቅጠው ከነዋሪዎቹ አንዱ ነው፣ ስኒ የሚያጥበው ሌላው። ሽሮ የማይስማማው ማን እንደሆነ፣ ስኳር የተከለከለው ማን እንደሆነ፣ ማን ከሰው ጋር መቀመጥ እንደማይወድና ስኒው በረንዳ ላይ እንደሚወሰድለት ሳትጠየቅ ታውቃለች። ለብዙ ወራት አይናገርም ከተባለው ልጅ ጋር ስለ ኳስ ስትከራከር ሰማኋት። እየመለሰላት! እንዲህ ያለውን ነገር የሚይዝ ሣጥን በቅጹ ላይ ፈልጌ አጣሁ። እኔ ግን ከሐሙሱ ጉብኝት ሁሉ ይልቅ ስለዚያ ቤት የነገረኝ ይሄ ነው፤ ሰዎቹ እዚያ ቤት ውስጥ የሚያውቃቸው ሰው አላቸው።

ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ለእህትየውም ለባለቤቷም አንድ ዓይነት ቅጂ ሰጠሁ፤ ከኋላ የምናገረውን ከፊት መናገር ይሻላል። ባለቤቷ ተቆጡ። «ጎዳና ላይ ከመተኛት አይሻልም?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ ስንት ቦታ ሰማሁት! ሆቴል ስታድሩ አልጋው ቢሰበር «ጎዳና ላይ ከማደር አይሻልም?» የሚላችሁ አለ? ልጃችሁ የሚማርበት ትምህርት ቤትስ? ከጎዳና ጋር የምናወዳድረው እነዚህን ሰዎች ብቻ ነው። ደግሞም የቤቱ ክፍያ የጎዳና ክፍያ አይደለም። ይህንን በትሕትና ነገርኳቸው፣ እሳቸውም ሰምተውኛል፤ ቤቱን የከፈቱት በገዛ እህታቸው ሕመም ምክንያት እንደሆነ ያን ቀን ነው የነገሩኝ። የማትረባ ሴት አይደሉም።

ስለ ካርዱም ጻፍኩ። የተማሪዬን ስም አላነሳሁም፤ ነርስ አንድ ብቻ በሆነበት ቤት ይሄ የሚያተርፈው ነገር ባይኖርም። ግን አብሬ የጻፍኩት ምክንያቱን ነው፤ ለ26 ሰው አንድ ነርስ ሲቀጠር ካርዱ ወይ ባዶ ይሆናል ወይ ይዋሻል። እሱን አስወጥተው ሌላ አንድ ቢቀጥሩ መጪው ሰውም በሐሙስ የእሁድን እንደሚፈርም በግልጽ አስቀምጫለሁ። ሳምንት ሙሉ አልደወለልኝም። ከዚያ ደወለ። የቅዳሜና እሁድ ነርስ ተቀጥራለች። እሱም አልተባረረም።

የክፍሎቹ የውጭ ቁልፍ ተነስቷል። የውሃ ጀሪካን ከነመቅጃው ኮሪደር ላይ ተቀምጧል። እራት አሁንም 10 ሰዓት ነው፣ «ሠራተኛ አይገኝም» ይላሉ። ልብሱም እንደ ድሮው የጋራ ነው።

እህትየው «አንድ ቃል ንገረኝ፣ ይግባ አይግባ?» ብላኝ ነበር። አንድ ቃል አልነበረኝም። ቁልፉ እስኪነሳ አይግባ አልኳት፣ ከተነሳም በኋላ መጀመሪያ እሱ ራሱ ቤቱን ይየው አልኩ። እስከዚያ ድረስ ማንም አልጠየቀውም ነበር። እናቱ ይዘውት ሄዱ። ግቢውን ዞሮ አየና ስለ አልጋውም ስለ ምግቡም ምንም ሳይጠይቅ፣ የራሱን ብርድ ልብስና ራዲዮኑን ይዞ መምጣት ይችል እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። ይችላል ተባለ። ለአንድ ወር ለሙከራ ገብቷል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቱ ጋ ያድራል። ብርድ ልብሱ ላይ እናትየው በቀይ ክር ስሙን ሰፍተውበታል። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ሰው ለብሶት ተገኝቶ፣ ወጥ ሠሪዋ ናት ያስመለሰችለት።

ወሩ ሲያልቅ እንደገና እሄዳለሁ፣ በዚህኛው ማታ 3 ሰዓት ላይ።