አበባውና ከሰሉ

በቤት ውስጥ አበባ በጣሳም ሆነ በሸክላ ተክሎ ማኖር መልካም ልማድ ነው፤ እኔም አበባ ወዳጅ ነኝ። ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ «ይህ ተክል የቤትህን መርዝ ሁሉ ይጠርግልሃል» የሚልህ ሰው ቢያጋጥምህ ጥቂት ታገሥና አመዛዝን።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1989 ናሳ የተባለው የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ባወጣው ጥናት፣ በታሸገ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ ተክሎች ከሙጫና ከችፑድ የሚተነውን ፎርማልዲሃይድን የመሰለ መርዝ ሲቀንሱ ታይተዋል። ዳሩ ግን ቤት የታሸገ ሣጥን አይደለም። በ2019 ሁለት ተመራማሪዎች የቀድሞዎቹን ሙከራዎች ሰብስበው ቢያሰሉ፣ እንዲያው ከውጭ የሚገባው አየር የሚሠራውን ሥራ ለመሥራት ለአንድ ካሬ ሜትር ወለል ከ10 እስከ 1,000 ተክል እንደሚያስፈልግ አገኙ። ይህን ሁሉ ካስገባን እኛ የት ልንቀመጥ ነው?

በእኛ አገር ደግሞ ከችፑዱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከሰሉ ነው። ላስታን ተመልከት። ላሊበላ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች የታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ይጠናል። ለገና የመጣው እንግዳ እንዳይበርደው ተብሎ ቡና የፈላበት ምድጃ ወደ መኝታው ይገባል፤ በሩም ይዘጋል። የጋመው ከሰል ባይጤስም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ፣ መልክም ሽታም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ስፍራ ይቀማል፤ ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል፤ የተኛውን ሳይነቃ ሊገድለው ይችላል። ከዚህ አበባ አያድንም።

የጥንቱ የላስታ ክብ የድንጋይ ቤት ክዳኑ ሣር ስለ ነበረ ጢሱ ቀስ እያለ ይሾልክ ነበር፤ ቢሆንም እናቶችንና ሕፃናትን ዓይናቸውን ማቃጠሉ፣ ማሳሉም አልቀረም። አዲሱ ቤት ግን በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ኮርኒስ ተመትቶለት፣ መስኮቱ መስተዋት ሲሆን፣ መውጫውን ሁሉ ደፈንነው፤ ከሰሉ ያው የዱሮው ከሰል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በ2020 በየቤቱ በሚነድ ማገዶ፣ ከሰልና ላምባ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። እሳት ሲነድ በርና መስኮት ይከፈት፤ ማድቤቱም የጢስ መውጫ ይኑረው። ፍሊት የተነፋበት ክፍል ሳይናፈስ አይተኛበት። እንግዳ ቢበርደው ጋቢ ይደረብለት እንጂ ከሰል አይግባለት። ከሰል ባለበት ቤት ራሱን የሚያመው ቢገኝ ፈጥኖ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይወሰድ።

አበባህንም አትጣለው፤ መስኮቱ አጠገብ አኑረው። ውሃ ልታጠጣው በሄድህ ቁጥር መስኮቱን ትከፍታለህ።