ፒያኖው የማይስቅባት ከተማ

ከብራስልስ ባቡር ስሳፈር ብሩዥን የማውቃት በፊልም ብቻ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ተጉዤ ወደ መሃል ከተማው ስዘልቅ ግን፣ ወይ ጉድ! የጡብ ቤቶቹ ግንባር እንደ ደረጃ እየጠበበ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቦዩ ደግሞ ገልብጦ ያሳያቸዋል። እኔ የመጣሁት ትናንት የነበረው ቤት ዛሬ ፈርሶ ከሚጠብቅበት ከአዲስ አበባ ነው። እዚህ ግን የመካከለኛው ዘመን ሰው ከመቃብሩ ቢነሳ መንገድ ሳይጠይቅ ቤቱ የሚገባ መሰለኝ።

ፊልሙ «ኢን ብሩዥ» ይባላል፤ ማርቲን ማክዶና ጽፎ ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥቁር ኮሜዲ ነው። ሬይ እና ኬን የተባሉ ሁለት ቅጥር ገዳዮች ለንደን ላይ ሰው ገድለው እዚህ እንዲደበቁ አለቃቸው ይልካቸዋል። ሬይ በዚያ ግድያ መሃል ሳያስበው ሕፃን ልጅ ገድሏል። ኬን በከተማዋ ሲደመም ሬይ ይራገማታል፤ ጭቅጭቃቸው በሳቅ ያፈርሳል።

ቦዩ ዳር ቆሜ ካርተር በርዌል ለፊልሙ የሠራውን ሙዚቃ በጆሮ ማዳመጫ ከፈትኩ። ዝግ ያለ፣ ብቸኛ ፒያኖ። ጉሙ፣ የጨለመው ድንጋይ፣ ጸጥ ያለው ውሃ፣ ሁሉም ከዜማው ጋር አብሮ አዘነ! ሰዎቹ ሲቀልዱ ፒያኖው አብሯቸው አይስቅም፤ ስለ ሟቹ ልጅ ያዝናል። እኛን የሚያስቀን ንግግሩ ነው፤ ልጁን እንዳንረሳ የሚያደርጉን ግን ዜማውና ከተማዋ ናቸው።

ከዚያ ወደ ደወሉ ማማ! ቁመቱ 83 ሜትር፣ ደረጃው 366። መወጣጫው ይዞራል፣ ይጠባል፣ እንደገና ይዞራል፤ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። እኛ አገር ደወል ለቅዳሴ ይጠራል፤ እዚህ 47 ደወሎች ተቀባብለው ዜማ ይጫወታሉ! ኬን ቆስሎ እየተሳበ ይህን ደረጃ ሲወጣ የሚሰማው «ኦን ራግላን ሮድ» የተባለው የአየርላንድ ዘፈን ነው። የፍቅር ኀዘን ዘፈን፣ በደም በተነከረ ሰው ላይ። ያን ትዕይንት እያሰብኩ ግድግዳውን ስዳስስ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን ግሮኒንገ ሙዚየም ነው። ሬይና ኬን የሚያዩት የሂሮኒሙስ ቦሽ «የመጨረሻው ፍርድ» እዚያ አለ። እኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጻድቁን በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ክፉውን በአንድ ዓይኑ በጎን ይሥላል፤ ሕፃን እንኳ ይለያቸዋል። ቦሽ ዘንድ ግን ሰውና ጭራቅ ተደባልቀው ይራኮታሉ። በፊልሙ መጨረሻ ሬይን የሚከቡት ጭምብል ለባሾች ከዚህ ሥዕል የወጡ ይመስላሉ። ታዲያ ልጅ ገድሎ በጸጸት የሚቃጠለው ሬይ በጎን ይሣላል ወይስ ፊት ለፊት? ፊልሙ ይህን ፍርድ ለእኛ ይተወዋል፤ ፒያኖው ግን እየሳቅን እንድንፈርድበት አይፈቅድም።

ያላያችሁት እዩት፤ ስድብና ደም ይበዛበታልና ልጆች ከተኙ በኋላ ይሁን። ያያችሁት ደግሞ ድገሙት፤ በዚህኛው ዙር ጆሯችሁን ከቀልዱ ላይ አንሥታችሁ ለሙዚቃው ስጡ።